ከአንድ ዓሳ ራስ የወጡ ሁለት ድንጋዮች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከቀኑ 6፡30፣ መ/ቤት።

ፋይሉ ተቆልሏል። አለቃዬ ምሳ ወጥቷል። ጆሮዬን ይበላኛል፣ አላከውም፤ ጓደኛዬ አስኩ እንዳትነኪው ብላለች።

ለካ አልነገርኩህም፣ ደብተሬ። ቅዳሜ ከሴቻ ጫሞ ሐይቅ ወርጄ ነበር፣ አስካለች ዓሳ ከምትበልትበት። ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እሷ አቋርጣ ዓሳ ውስጥ ገባች፣ እኔ ተምሬ ፋይል ውስጥ። ማን እንደተጎዳ እንጃ። የአንድ ትልቅ ዓሳ ራስ ፈልጣ ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች አወጣች። ባቄላ ያክላሉ። ዓሳው የሚሰማው በነሱ ነው አለችኝ። በመዳብ ሽቦ አንጠለጠለቻቸው፤ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሷ። የሷን ጆሮ እኔ፣ የኔን እሷ በልብስ መርፌ በሳን፤ ከላይ፣ ጠንካራው ጋ።

ምላሴ መቼ ያርፋል! ቀድማ ያወጣች ሌላዋን ትቅበር አልኩ፣ እየሳቅሁ። እኛ ቤት «ቅበሪኝ» በቀን አሥር ጊዜ ይባላል፤ አባቴ ከጎጃም ይዞት የመጣ አነጋገር ነው። አስኩ አልሳቀችም። እጇን ታጥባ ቃሉን ቀስ ብላ ደገመችው። የዚያን ጊዜ ደስ አለኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት።

የመ/ቤት ሴቶች ጉትቻሽን ከየት ገዛሽው አሉኝ። አይሸጥም አልኩና ተኮፈስኩ። ለምን አንድ ብቻ አሉ። ሌላው ጓደኛዬ ጆሮ ላይ ነው።

አስኩ ደወለች። ትንሽ አብጦባታል። የዓሳ ውሃ ነክቶት ይሆናል፣ በጨው እጠቢው አልኳት። የኔ ደርቋል። ዶ/ር ሆኛለሁ እንግዲህ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። 12 ሰ.።

ከሥራ ወጥቼ ጫሞ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ አባ ኮዳ ወፎቹ የዓሳ አንጀት ይጠብቃሉ። አስኩ ሻሿን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማለች። ገለጥኩት። ባልገለጥኩት! ሽቦው ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ይሸታል፣ የዓሳ ሽታ አይደለም።

አውጪው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ለምን እያልኩ ጮህኩባት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሻሿን መልሳ ጠመጠመችና ቢላዋዋን አነሳች። ተኳርፈን ተለያየን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ከሰዓት፣ 9 ሰ.።

አስኩ ሥራ አልገባችም። ሲቀላ ቤቷ ሄድኩ። ትኩሳት። እናቷ ከጨንቻ ወርደዋል። ጎሜ ነው ይላሉ፤ የማይደረግ ተደርጎ መዓቱ ልጃቸው ላይ ወርዷል። ማን ምን እንዳጠፋ ይጠይቃሉ፣ አስኩ ወደ ግድግዳ ትዞራለች። ሽማግሌዎች መጥተው ይፈቱታል፤ እሑድ።

እሑድ ሩቅ ነው። ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የጤና መኮንኑ ሽቦው ሳይወጣ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም አለ። መግሉ ወደ ራሷ ከወጣ ደግሞ የኛ አቅም አይደለም፣ ከነገ አይለፍ። እጁን ሲዘረጋ አስኩ እጁን ያዘችው። እምቢ ካለች በግድ አልነካትም አለ፣ ልክ ነው።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነገረችኝ።

«ካወጣሁት አንቺ ትሞቻለሽ።»

ቀልድ ነበር አልኳት።

«እኔ አልቀለድኩም» አለች።

አብረን፣ እኩል እናውጣው አልኳት። አንዳችን መቅደማችን አይቀርም አለች። ለእናቷ ያልተናገረችውም ስሜን ላለመጥራት ነው። ለኔ ስትል እየሞተች ነው፣ ደብተሬ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሌላ ለማንም አልናገረውም። ስትነግረኝ ሆዴ መጀመሪያ ያለው «እንኳን አላወጣችው» ነው። ለአንድ አፍታ ብቻ። ግን ብሏል። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ማለዳ፣ 12፡40።

ወንድሟ ደወለ። ስትቃዥ አድራለች። አንገቷም አብጧል። እኔን ትጠራለች፣ እንዳትነካው በሏት ትላለች።

መስታወት ፊት ቆምኩ። የመምህር ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። እጄ ሽቦው ጋ ደርሶ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ። ቀድማ ያወጣች ሌላዋን ትቅበር። ከኔ አፍ ነው የወጣው። ቢሆንስ? ዛሬ ብትሞት፣ እኔ ነኝ የቀበርኳት ብዬ ዕድሜ ልኬን አላምንም?

አወጣሁት። ትንሽ ደማ።

ባጃጅ ጠርቻለሁ። ባዶ ጆሮዬን አሳያታለሁ። ቀድሜሻለሁ፣ ከእንግዲህ እኔን መግደል አትችዪም፣ አውጪው እላታለሁ። ልትቀብረኝ ፈለገች ብላ ታስባለች። በሷ ቤት መሐላ መሐላ ነው፤ ለኔ ስትል ሕመሙን ስንት ቀን ችላ፣ እኔ በአንድ ማለዳ ፈረድኩባት። ለእናቷም ጎሜው የኔ ነው እላቸዋለሁ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ያቁሙኝ። ከዚያ በኋላ ደጃቸውን የምረግጥ አይመስለኝም።

ትጥላኝ። ብቻ በሕይወት ኖራ ትጥላኝ።