ሰባት ደቂቃ ምርቃት

ጥር 5

ሰማንያ ሦስት ፐርሰንት ላይ ጠፋ። ዛሬም!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ወዲያው ያቀናበርኩትን የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣት፣ ኤክስፖርት፣ አስጀመርኩ። ስድስት ሰዓት ይፈጃል። መብራት የሚቆየው አምስት ሰዓት። ይቺን ሒሳብ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይሠራታል... እኔ ግን በየቀኑ እሞክራለሁ፣ ምናልባት ዛሬ ያዝኑልን ይሆናል ብዬ። ሰባት ሰዓት ላይ ድርግም። ነገ እንደገና ከዜሮ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ "አንቺ ልጅ፣ ዕቃውን ምን አድርግ ብለሽ ነው የምትሰድቢው?" አለችኝ። ዕቃውን አይደለም የሰደብኩት።

ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥቤ ያመጣሁት ይሄን ኮምፒውተርና አንድ ካሜራ ነው። መካነ ሰላም ላይ ሰርግ የምትቀርጽ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ሙሽሮች ይወዱኛል፣ ሲለብሱም ሲያለቅሱም ክፍላቸው ስለምገባ። ቪዲዮው ወር ሲያልፈው ግን... ፍቅሩም ያልቃል።

ጥር 7

መለሰ ደወለ። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ደሴ ኮምፒውተር ይጠግናል። ስለ መብራቱ ተነጫነጭኩበት። የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ በቴሌግራም ፎቶ ላክሁለት። ሳቀ።

"ሰርኬ፣ ይሄ እኮ ኦቨርክሎክ ይደረጋል። ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ታስሮጪዋለሽ። አሁን 3.7 ጊጋኸርትዝ ላይ ነው ያለው። 5 የሚያደርሱት አሉ።"

"ስድስቱ ሰዓት አምስት ይሆናል?"

"ከአምስትም ሊያንስ ይችላል። ግን ቀስ እያልሽ ነው የምትጨምሪው፣ እየፈተንሽ። ሰማሽኝ?"

ሰምቻለሁ አልኩት። ከአምስት ያንሳል የሚለውን ነው የሰማሁት።

ጥር 8

በቀጥታ 5 ላይ አደረግሁት። ምን ቀስ ያስብለኛል?

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ፋኑ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይቆማል። ስድስት ዓመቴን በአንድ ቀን አቃጠልኩት? ለመለሰ ሦስቴ ደውዬ አላነሳም። በአራተኛው አነሳ።

"ነቅለሽ ክፈቺው። ማዘርቦርዱ፣ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ክብ ባትሪ አለች። እሷን አውጥተሽ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ መልሺያት። የቀያየርሽውን ሁሉ ይረሳዋል።"

በጥፍር መቁረጫ ፈልቅቄ አወጣኋት። መለስኳት። ተነሳ! ለሰውም እንዲህ ያለች ባትሪ ብትኖር... ስንቱን በረሳሁ።

ጥር 9

4.6። ተነሳ። ፈጠነም መሰለኝ። ኤክስፖርት ባስጀመርኩት በሃያ ደቂቃው ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ ቀጥ አለ። መለሰ፣ "ቮልቴጅ አንሶት ነው፣ ትንሽ ጨምሪለት" አለ። ጨመርኩለት። ሰማያዊው ቀረ። ሙቀቱ ግን 98 ዲግሪ ደረሰ። እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ኬዝ ሳስጠጋ ይፋጃል።

ጉዱ ደግሞ ምኑ ነው? ስድስት ሰዓት የነበረው ሥራ ሰባት ሊሆን ነው! ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል አለኝ መለሰ። ላፈጥነው ብዬ አዘገየሁት። የእኔ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጅዳም ሁለት ዓመት ሠርቼ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦት አጅቤ ዋልኩ። ካሜራም ኮምፒውተርም አልነካሁ። ልቤ ግን ሙቀቱ ላይ ነበር... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥር 13

ተገኘ። የእማዬ ዳንቴል ነው!

የኬዙ አናት ላይ ያለው ፋን ሙቀቱን ወደ ላይ ነው የሚያስወጣው። እማዬ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። ድርብ። ከሥሩም ፌስታል። ስምንት ወር ሙሉ! እኔስ ሳላየው ቀርቼ ነው? አይቼዋለሁ፣ እንዲያውም ያምር ነበር። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ ሳጥኑ ለብሷል፣ ኮምፒውተሩ ምን በወጣው ይቅር?

"እማዬ፣ እያፈንሽው እኮ ነው!"

"እና ራቁቱን ይቀመጥልሽ? ሰው ቢገባ ምን ይላል?"

ገፈፍኩት። ሙቀቱ ወደ 81 ዲግሪ ወረደ። እማዬ ዳንቴሏን አጣጥፋ ይዛ ወጣች። አኩርፋለች።

4.7 ላይ አደረግሁት። ተነሳ። መለሰ የድምፅ መልእክት ላከ፦ "አሁን መፈተኛ ፕሮግራሙን ክፈቺበትና ስምንት ሰዓት ይሥራ። ስምንት ሰዓት ካልቻለ እንዳታምኚው።" ስምንት ሰዓት? በማን መብራት? ያለኝ አምስት ሰዓት ነው፣ እሱም ለሥራ አልበቃኝ ብሎ ነው ይሄ ሁሉ መከራ። ደሴ ተቀምጦ መምከር ቀላል ነው። አሥር ደቂቃ ፈተንኩት። አለፈ። ይበቃል።

ጥር 14

አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ! መቶ ፐርሰንት! መብራቱ ሳይጠፋ! ብቻዬን እልል አልኩ። እማዬ ኩርፊያዋን ረስታ ምን መጣ ብላ ሮጣ መጣች።

ጥር 17

የአሰጋሽ ሰርግ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በከላላ መንገድ።

አሰጋሽ ኩዌት አምስት ዓመት ሠርታ ለሰርጓ የመጣች ልጅ ናት። የካቲት መጨረሻ ላይ ትመለሳለች። ጠዋት ቬሎዋን እያለበሷት እጄን ያዘችኝ።

"ሰርኬ፣ ጭፈራውም ኬኩም ቢቀር ይቅር። የአባቴን ምርቃት ብቻ ወላሂ እንዳታሳጪኝ። እዚያ ሆኜ ስልክ ሲሰጡት እህ እህ ብቻ ነው የሚለኝ። አምስት ዓመት ድምፁን ሳልጠግበው ኖርኩ። እሱን ይዤ ነው የምሄደው።"

"አብሽሪ" አልኳት።

አባቷ ጋሽ ቸኮል ከመታወቂያ በቀር ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ጉልበታቸውን ልትስም ስትደፋ ዓይናቸው ሞላ። ዝግ ባለ ድምፅ መረቋት። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰባት ደቂቃ ቀረጽኩ። ውጪ የድምፅ ማጉያው ቤቱን ያናውጠዋል፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ይጨፍራሉ፣ እሷ በቬሎዋ ውስጥ ትንሰቀሰቃለች። አንድ ቃል አልሰማችም። መኪና ስትገባ፣ "በቪዲዮው እሰማዋለሁ" አለችኝ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስደርስ እንዳጋጣሚ መብራት ነበር። አንድ ሌላ ሰርግ ኤክስፖርት አስጀምሬ፣ በዚያው ላይ የአሰጋሽን ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩ። ሁለቱን ባንዴ ቻለው። አንበሳ! ያለኝ ካርድ አንድ ነው፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰርግ አለ። ካርዱ ላይ ያለውን አጠፋሁት።

ጥር 18

ሰርግ። አቧራ። እግሬ ሊቆረጥ ደረሰ። ካርዱ ጢም ብሎ ሞላ።

ጥር 23

የአሰጋሽን ላቀናብር ተቀመጥኩ። ከአሥራ አራቱ ፋይል ሦስቱ አይከፈቱም። ሁለቱ መሃል ላይ አረንጓዴ ሆነው ይደርቃሉ። ካልተከፈቱት አንዱ ስድስተኛው ነው።

ስድስተኛው ምርቃቱ ነው።

እንደገና ሞከርኩ። አጥፍቼ አስነሳሁ። በሌላ ፕሮግራም ሞከርኩ። ወደ ስልክ አሳልፌ ሞከርኩ... ፋይሉ አለ። መጠኑም ልክ ነው። አይከፈትም።

ጥር 24

መለሰ ጋ ደወልኩ።

"ስንት ሰዓት ፈተንሽው?"

"የፋይሉ መጠን እኮ ልክ ነው" አልኩት።

"ሰርካለም፣ ስንት ሰዓት?"

"አሥር ደቂቃ።"

"ከአቅሙ በላይ ሲሮጥ ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያሳይሽም። አንዳንዴ ዝም ብሎ ይሳሳታል። ሲገለብጥ ጥቂት ጥቂቱን እያሳሳተ ይጽፈዋል፣ ጨረስኩ ይልሻል። ስምንት ሰዓት ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ካርዱስ?" አለ።

"አጠፋሁት።"

"አጥፍተሽ ሌላ አልቀረጽሽበትም አይደል?"

በማግስቱ ሌላ ሰርግ ሞልቼበታለሁ።

3.7 ላይ መለስኩት። አሁን ምን ዋጋ አለው።

ጥር 27

መለሰ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ላከልኝ። ሁለት ቀን ፈጀ። ከካርዱ የተገኘው፦ የድንኳን ጣሪያ። ሚዜዎቹ ሲስቁ አራት ሰከንድ። የሰው ጫማ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ያልተከፈተውን ስድስተኛውን ደሴ ልኬለት እሱም ሞከረ። "በቃ ሰርኬ" አለኝ።

የካቲት 1

አሰጋሽ ደወለች።

"ሰርኬዋ፣ ደረሰልኝ?"

"መብራት እኮ አስቸገረኝ" አልኳት።

ሳምንቱን ሙሉ አልጠፋም። አንድ ቀን እንኳ! ስለምነው የኖርኩት መብራት፣ ለውሸት ስፈልገው አይጠፋልኝም።

የካቲት 2

ጋሽ ቸኮል አረፉ። ከቤተ ክርስቲያን መጥተው፣ ቁጭ እንዳሉ።

ቀብር አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። እማዬ ብቻዋን ሄደች።

የካቲት 19

አሰጋሽ ጥቁር ለብሳ ቤት መጣች። ጉዞዋን ለአርባው ብላ አራዝማዋለች። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

"እንኳን ቀረጽሽልኝ የኔ እህት። አንቺ ባትኖሪ ምን ይቀረኝ ነበር? ለአርባው ቴሌቪዥኑን ወደ ውጭ እናወጣዋለን። ዘመድ ሁሉ ይስማው።"

እኔስ ምን አልኩ? "እሺ" አልኩ። እሺ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አሰጋሽ ስትሄድ ማጀት ሆና ስትሰማ የነበረች እማዬ ወጣች። ስለ ፋይሉ ሁሉንም ታውቃለች። "ዛሬ ያልነገርሻትን ያን ቀን ሰው ፊት ልትነግሪያት ነው?" አለችኝ።

የካቲት 28

ልነግራት ወጣሁ። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

መጋቢት 10

ነገርኳት። ዛሬ ግን መኪና አልያዝኩም፣ ስሳፈር ሐሳቤን እንዳልቀይር በእግሬ ሄድኩ። ለአርባው ምስር ሲለቅሙ ደረስኩ። ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

"ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ኮምፒውተሩን ከአቅሙ በላይ አስሩጬው፣ ሳልፈትነው፣ የገለበጠውን ከፍቼ ሳላይ ካርዱን ደመሰስኩት። ከጥር ጀምሮ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።"

አልጮኸችም። ብትጮህ በወደድኩ። "አንቺ ግን ነበርሽ" አለች። "ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ነበር። እኔ አልሰማሁም፣ እናቴም በቅጡ አልሰማችም። አንቺ ሰምተሻል። ምን አለኝ? በቃልሽ ንገሪኝ።"

አፌን ከፈትኩ...

ምን አሏት? እኔ የማዳምጠው ድምፁ እንዳይቆራረጥ ነበር። ባትሪው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት እንደነበር አስታውሳለሁ። ብርሃኑ መጥፎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሁለቴ አሳላቸው። ቃሉ ግን... ሰባት ደቂቃ ሙሉ በጆሮዬ ገብቶ አንዲት ቃል አልያዝኩም።

ልፈጥርላት አሰብኩ። ስንት ሰርግ ቀርጫለሁ፣ የምርቃት ዓይነት በቃሌ አውቃለሁ። ሦስት አራት ነገር አገጣጥሜ፣ በጋሽ ቸኮል አነጋገር ባወራው ታምነኝ ነበር። ዓይኗን አየሁት። እንደተጠማ ሰው ነው የምታየኝ።

"አላስታውስም" አልኳት።

"እንግዲያው ለእናቴም ራስሽ ንገሪያት" ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

መጋቢት 12

አርባው።

ቄሶቹ ፍትሐት አድርሰው፣ ሰው በልቶ ከተነሳ በኋላ ገባሁ። የአሰጋሽ እናት እማማ ብዙዬ መደብ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ነጠላዬን አውልቀው አግዳሚው ላይ አኖሩልኝ። ነገርኳቸው። ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መብራቱ... ስቀባጥር እጃቸውን አነሱ።

"ተይው ልጄ። የዕቃ ነገር እኔ አላውቅም። ዕቃሽ ደህና ቢሆንም ሙሉውን አናገኘውም ነበር።"

"እንዴት እማማ?"

"አልጨረሰውማ። 'አባባ፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉ' አልሽው። አልሽው እኮ፣ ረሳሽው? ታዛዥ ነው፣ ዞረ። ከዞረ በኋላ ሊል ያሰበው ጠፋው። አሜን በሉ ብሎ ዘጋው። ሰርገኛው ከሄደ በኋላ ቁጭ ብሎ፣ 'ለልጄ የምነግራት አንድ ነገር ነበረኝ፣ ያቺ ቪዲዮ የምትቀርጸው ልጅ አስረሳችኝ' እያለ ሲቆጭ ነበር።"

ትዝ አለኝ። አሁን፣ እዚያ ተቀምጬ፣ ድምፄ ራሱ ትዝ አለኝ። ወደ ብርሃኑ... ስንቱን ሽማግሌ ብያለሁ?

"በኋላ ትዝ አላቸው? ምን ነበር?"

"እንጃ። እስኪሞት ድረስ አልነገረኝም።"

ቀና ስል አሰጋሽ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ነገ አዲስ አበባ ትገባለች፣ ከዚያ ኩዌት። ይቅርታ ልላት ተነሳሁ። ከአግዳሚው ላይ ነጠላዬን አንስታ ሰጠችኝና ከበሩ ዞር አለችልኝ።