ጋሽ ራጅ እና ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀችው ዳሊያ

ሰፈሩ «ጋሽ ራጅ» እያለ የሚጠራቸው የዛሬው ባለታሪክ፣ ከአናጺ አባታቸውና በልብስ ንጽሕና ቤት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ቤቷ ጓሮ አልነበራትም። እናታቸው በመስኮቱ ደፍ ላይ በደረደሯቸው የቀለም ቆርቆሮዎች ሽንኩርትና ጽጌረዳ ጎን ለጎን ያበቅሉ ነበርና፣ ልጃቸው አትክልት መውደድ የጀመሩት መሬት ሳይኖራቸው ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀቁ። በሥዕል ትምህርት ወድቀዋል፤ እሳቸው ራሳቸው በየአጋጣሚው ያወሩት ስለነበር እዚህ መደበቁ ዋጋ የለውም። በሃያ ሁለት ዓመታቸው በራጅ ቴክኒሽያንነት ተመርቀው፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ለሠላሳ ስድስት ዓመታት በትጋት አገልግለዋል። የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፤ አጥንት ግን አይጠፋባቸውም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «አንተ የግራ ክንድ አይደለህም እንዴ? እንዴት ሆነልህ?» ብለው ነበር ሰላም የሚሉት።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የሆስፒታሉን ጋውኖች ይሰፉ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ልጅቷ የሂሳብ መምህርት፣ ልጁ የአሳንሰር ጠጋኝ ለመሆን በቅተዋል። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ጓሮ ያለው ቤት ገዙ። ጋሽ ራጅ ቤቱን ሊያዩ ሄደው ጓሮውን ብቻ አይተው ስለተመለሱ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ የታወቀው ቲማቲሙ ከተተከለ በኋላ ነው።

የበጋው መገባደጃ የእሳቸው ጊዜ ነበር። ቲማቲሙ ቀልቶ ያጎነብሳል፤ ባቄላው ድጋፉን ያዘነብላል፤ ዱባው ደግሞ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ግቢ ይወልዳል። በዚህ ዱባ ጉዳይ ከጎረቤታቸው ከጡረተኛው ሹፌር ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተከራክረዋል። ሹፌሩ «በግቢዬ የተወለደ የእኔ ነው» ሲሉ፣ ጋሽ ራጅ «እናቱ እዚህ ናት፣ ጠይቃት» ይሉ ነበር። ዱባው በየዓመቱ ለሁለት ተከፍሎ ተበልቷል፤ ክርክሩ ግን አልተከፈለም።

እያንዳንዱን አበባ ፎቶ ያነሱት እንደ በሽተኛ ነው፦ አንድ ፊት ለፊት፣ አንድ ከጎን፣ ከሥሩ ቁጥርና ቀን። ከማንሳታቸው በፊት አበባዋን «ትንፋሽ ያዢ» ይሏታል። እሑድ እሑድ ቤተሰቡን በአውቶቡስ ወደ ኮረብታው ሲያወጡ ምሳ የሚበላው ነፋሱ ቆሞ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ብቻ ነበር። ባለቤታቸው በሰፉት ጥቁር ጨርቅ ነፋሱን ይከላከሉ ስለነበር በአልበሞቹ ዳር ዳር አውራ ጣታቸው ይታያል። «የእኔ ታሪክ በአውራ ጣት ተጽፏል» ይላሉ ባለቤታቸው።

ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ፎቶዎቹን በተረፉ የራጅ ፖስታዎች ማስቀመጥ ጀመሩ። አንድ ማክሰኞ ፖስታ ተለዋውጦ፣ ሳል የያዛቸው አዛውንት የዱባ አበባ ይዘው ወደ ሐኪሙ ገቡ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «አባባ፣ ሳንባዎ ከእኔ ይሻላል» አሏቸው። የአዛውንቱ ራጅ ወዲያው ተገኘ፤ ጋሽ ራጅ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ማስጠንቀቂያውን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት፤ ስለ ፎቶዎቻቸው በማኅተም የተጻፈ ሌላ ወረቀት አልነበራቸውም።

ጡረታ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልባቸው ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነበር፦ ከገዛ ዘራቸው ጥቁር ቀይ የዳሊያ አበባ ማውጣት። በየዓመቱ ከጠቆረችው አበባ ዘር ይለቅማሉ፣ በየዓመቱ ይዘራሉ፣ በየዓመቱ ሮዝ ቀለም ያለው ይወጣል። ስምንት ዓመት ሮዝ ወጣ። በዘጠነኛው ዓመት አንዲቷ እምቡጥ ጠቁራ ብቅ ባለችበት ሳምንት ሳንባቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ። ራጃቸውን ከሐኪሙ ቀድመው አነበቡት። ሴት ልጃቸውንም ጠርተው «እኔ ባልደርስ አንቺ ድረሺላት» አሏት።

ልጃቸው እስከዚያ ቀን ድረስ ጓሮውን የምታውቀው በመስኮት ነበር። በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት እየሄደች እምቡጧን በስልኳ አንስታ ትልክላቸው ጀመር። የመጀመሪያውን ቀን «ተንቀሳቅሰሻል፣ ድገሚ» አሏት። በማግሥቱ «ይሄ አበባ ነው ወይስ የጫማሽ ፎቶ?» አሏት። በአራተኛው ቀን «የእኔ ተማሪዎች እንኳ እንዲህ አይነዘንዙኝም» ብላ ብትመልስም፣ በአምስተኛው ቀን እንደገና ሄደች።

በዘጠነኛው ማለዳ ዳሊያዋ ሙሉ በሙሉ ተከፈተች፤ ጥቁር ቀይ፣ አንድም ሮዝ የሌለባት። እናቷ ጥቁሩን ጨርቅ፣ ሹፌሩ ጎረቤት ጃንጥላ ይዘው ነፋሱን ከለከሉላት፤ ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች። ጋሽ ራጅ ፎቶውን በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ «ይነበባል» አሉ። በራጅ ክፍል ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ጋሽ ራጅ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና በቁጥር 914 የተመዘገበች አንዲት ዳሊያ ትተው አልፈዋል።

ዳሊያዋን ቆርጦ ሣጥናቸው ላይ ማኖር ለቤተሰቡ ተገቢ መስሎ ነበር። ልጃቸው ግን በጓሮው በር ላይ ቆማ «ዘር ሳትይዝ ማንም አይነካትም» አለች። ስለዚህ ዛሬ በሣጥናቸው ላይ የምታዩት ፎቶዋን ነው፤ አንድ ፊት ለፊት፣ አንድ ከጎን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ውኃ በማይነጥፍበት፣ ነፋስ በማይበዛበት መልካም ስፍራ ያሳርፍልን።