የጤናሽ ገንዘብ የተከለው ድንኳን

አሽኬሎን፣ ኖቬምበር 1993

ውድ እትዬ ካሳነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም፤ የምትመልሺበት ቦታ ላይ አይደለሽም። የሞተ ሰው ደብዳቤ እንደማያነብ ለማወቅ መመረቅ አያስፈልግም። ግን በሕይወት እያለሽም ደብዳቤዬን የምታነብልሽ የጎረቤትሽ ልጅ ነበረች። ዛሬም አንዱ ያነብልሽ ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። ‹አንቱ› ስልሽ ‹ጡቴን ጠብተሽ አድገሽ ዛሬ ታስረጂኝ?› ብለሽ ስለተቆጣሽኝ፣ አንቺ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የመጣሽው ለምረቃዬ ነበር። እናቴ በአራስነቷ ስትሞት፣ የአክስቷ ልጅ አንቺ፣ የራስሽን ልጅ ቀብረሽ ጡትሽ ሳይደርቅ እኔን ታቀፍሽ። አባቴ በሱዳን በኩል ይዞኝ ሲወጣ አንቺ ጎንደር ቀረሽ፤ እሱም ሱዳን አፈር ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያሳደገኝ እዚህ አገር ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ውብአየሁ የሚለውን ስሜን ሲቫን ያለውም እሱ ነው። በላብራቶሪ ሙያ የተመረቅሁ ቀን፣ የሁሉም እናቶች አበባ ይዘው ተደርድረው ሳለ፣ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ባለነጠላ ብድግ ብላ አዳራሹን በእልልታ ስትሰነጥቀው፣ ጓደኞቼ ‹ማናት?› አሉኝ። ‹እናቴ ናት› አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ወረቀት ግን አልነበረኝም።

ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ይሄው የወረቀት ነገር ነው። አያትሽ ክርስትና ተጠምቀው ስለነበር፣ ከእኛው ከአይሁድ ዘር ሆነሽ ሳለ፣ መታወቂያ የሚሰጥሽ አላገኘንም። የገባሽው በጎብኚ ቪዛ ነበር። እኔን ሐኪም ዘንድ የምታስገባኝ የኩፓት ኾሊም ካርድ አለችኝ፤ ለአንቺ አልነበረችም። ለጎብኚ የነበረው በየወሩ የሚከፈልበት የግል ኢንሹራንስ ነው፤ እዚህ ቢቱአኽ ይሉታል።

ጊል የሚባለውን የኢንሹራንስ ወኪል ሺምሾን ሰፈር ካለችው ክፍሌ ያመጣሁበትን ቀን ታስታውሺያለሽ?

‹ዕድሜ?› አለ።

‹በጣሊያን ጊዜ በጀርባ የምታዘል ነበረች በይው።›

ነገርኩት። ሰውየው በጣቶቹ አሰበና ዋጋውን ጠራ። ከደመወዜ ሢሶውን የሚወስድ ነበር። በአማርኛ ስነግርሽ ዓይንሽ ፈጠጠ።

‹ምንም ባያመኝስ? ይመልሳል?›

‹አይመልስም፣ እትዬ።›

‹እህ! ታዲያ ገንዘቤ እንዳይባክን እንዲያመኝ ልጸልይ ነው?›

ጊልም ስተረጉምለት ሳቀ። ‹ሰው የሚከፍለው ባይደርስበት እየወደደ ነው› አለ።

‹ሳይታመሙ ለሕመም መክፈል፣ ና ግባ ብሎ በር መክፈት ነው። ይሄ ሰውዬ ጨዋ ይመስላል፤ ግን ሟርተኛ ነው› አልሽኝ። እኔም ዞሬ ‹ታስብበታለች› አልኩት።

በሳምንቱ ግን ራስሽ ‹ገንዘቡን ስጪኝ፣ ሄጄ እከፍላለሁ› ስትዪኝ ፈነደቅሁ። በየወሩ መጀመሪያ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ትወጫለሽ፤ ትመለሺና ‹ከፍዬ መጣሁ› ትያለሽ። ከፍለሽ ነበር። ዋሽተሽኝ አታውቂም።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ከደስታ ብዛት ምድር ትጠበኝ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬን ይዣለሁ፤ ማታ ማታ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ አጠናለሁ፤ ቪዛሽን ሁለት ጊዜ አሳድሰናል። አንድ ማክሰኞ ባርኔአ ሰፈር የወሰድኩሽ ቪላዎቹን ላሳይሽ ነው። ‹እትዬ፣ አንድ ቀን ይሄን ባለበረንዳውን እገዛልሻለሁ› ስልሽ፣ ‹በረንዳው ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ባል ፈልጊ› አልሽኝ። ስቀን ሳንጨርስ አጥሩን ያዝሽ። ከንፈርሽ ጠቆረ። ትንፋሽሽ እንደ ወናፍ ሲጮኽ እሰማለሁ፤ ከእጄ ተንሸራተሽ መሬት ተቀመጥሽ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የልብሽ በር በደንብ አይዘጋም አለ። ከልጅነት ጀምሮ ሲጎዳ የኖረ ነው፤ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ አትቆይም አለኝ። ከመዝገብ ክፍል ያለችው ሴት ደግሞ ኢንሹራንስሽ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደረቴን ነፍቼ የጊልን ስም ጠራሁ። ስደውልለት ‹ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልመጣም እኮ፣ ሲቫን› አለኝ።

አልጋሽ አጠገብ መጣሁ።

‹እትዬ፣ ገንዘቡን ለማን ነበር የምትከፍዪው?›

‹ለአባባ ደርሶ ነዋ። ለእድሩ።›

‹ለቀብር እድር? ለቢቱአኽ ብዬሽ አልነበር?›

‹ያው አንድ ነው፤ በየወሩ ይከፈላል፣ የደረሰ ቀን ይደርሱልሻል። የተረፈውንም የመጪው ወር ነው ብዬ አስቀድሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ስሚኝ ልጄ፣ ሕመም የእግዜር ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሞት ግን የሰው እጅ ይፈልጋል። በሰው አገር ብወድቅ ማን ያነሣኛል? አንቺ ልጅት ብቻሽን ቆመሽ ታለቅሺ?›

ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። አንዲት ነርስ ውኃ ሰጥታኝ ሄደች።

በማግስቱ ግቫት ጺዮን ሰፈር ወደ አባባ ደርሶ ሄድኩ። ጡረተኛ ናቸው፤ እድሩን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ‹አባባ፣ የእትዬን ገንዘብ ይመልሱልኝ፤ እድሩም ያበድረኝ፣ ሠርቼ እከፍላለሁ› አልኳቸው።

‹ተቀመጪ፣ ልጄ።›

‹አልቀመጥም።›

‹ይሄ የሞት ገንዘብ ነው። ነፍሱ ላለ ሰው ካወጣነው ሞት ፈረድንበት ማለት ነው። ካሳነሽ ሳትሞት ተዋጣላት ሲባል ብትሰማ ምን ይሰማታል?›

‹ካልተዋጣላት እኮ ነው የምትሞተው!›

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ‹እግዚአብሔር ይማራት› ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያላንኳኳሁት የመሥሪያ ቤት በር የለም። የተንኳኳ ሁሉ የሚከፈት ይመስለኝ ነበር፤ ዲፕሎማዬ ገና ከጥቅሉ አልተፈታም ነበር። በሩማ ይከፈታል። ወንበር ይሰጡኛል፣ ያዝኑልኛል፣ ከዚያ የመታወቂያ ቁጥርሽን ይጠይቁኛል። ከእነሱ ይልቅ አንቺ ቀደምሽኝ፤ ‹በእግሬ እያለሁ አገሬ መልሺኝ› አልሽ።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ምን እንዳልሽኝ ለማንም ብነግር አያምነኝም። የምትስሚኝ መስሎኝ ጎንበስ ስል፣ በጆሮዬ ‹እድሬን እንዳታቋርጪብኝ› አልሽ። በዚያ ሰዓት! ተናደድኩ፣ ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፤ ፖሊሱ ዞር ብሎ አየኝ። ግን አላቋረጥኩም። በየወሩ ጥርሴን ነክሼ ግቫት ጺዮን እወርዳለሁ፤ አባባ ደርሶም ዓይኔን ሳያዩ ይቀበሉኛል።

መስከረም ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። አባባ ደርሶ ከሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁና አልጠየቅሁም። የጎንደር ጎረቤትሽ ይግዛው ደውሎ ለእሳቸው ነግሮ ኖሯል፤ ብቻዬን እንዳልሰማው እስኪነጋ ይዘውት አድረዋል። ደግፈው ሲያወርዱኝ ሕንፃው ሥር ድንኳኑ ተተክሏል። ወንበር ተደርድሯል፤ ንፍሮው ተቀቅሏል። አንቺን አይተው የማያውቁ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ስምሽን ይጠራሉ። ፎቅ ላይ ያሉት ከሩሲያ የመጡ ባልና ሚስት እንኳ ነገሩ ሳይገባቸው የራሳቸውን ወንበር አወረዱ።

አንዷ ከኋላዬ ‹ሬሳው ጎንደር አይደለም እንዴ? ደግሞስ የተጠመቁት ወገን አይደለችም?› ስትል ሰማሁ። አባባ ደርሶ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ‹አባላችን ናት። ከፍላለች› አሏት።

እትዬ፣ የከፈልሽበት ነገር ደረሰ። ልጅሽ ብቻዋን አላለቀሰችም። ያን ቀን እነዚያ ሴቶች ባይዙኝ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም፤ አንቺ ግን አስቀድመሽ አውቀሽዋል። ይሄን ልንገርሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ግን ይሄንንም ስሚኝ፤ እኔ ድንኳን አልፈለግሁም። ባርኔአ በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ ስለ ባል ብትነዘንዢኝ ነበር የምፈልገው።

ጊል ሳይቀር ልቅሶ መጣ። ጥግ ይዞ ቆየና ‹ብትከፍልም ኖሮ፣ ኢንሹራንሶቹ የድሮ በሽታ ነው ብለው ሊከራከሩሽ ይችሉ ነበር› አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱ ያ ይሁን አልጠየቅሁትም። እስካሁንም አላውቅም፤ ሌሊት የሚያባንነኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት አባባ ደርሶ ላብራቶሪው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ቸሬ፣ እንዳንቺው በጎብኚ ቪዛ ከጎንደር መጥተው አጠገባቸው ቆመዋል። አባባ ደርሶ ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

‹ያ... ካሳነሽ ሟርተኛ የምትለው ሰውዬ። ቢሮው በየት በኩል ነው?›

በሁለቱ መካከል ሆኜ ወሰድኳቸው። ጊል ዋጋውን ሲናገር ጋሼ ቸሬ ‹ባያመኝስ ይመልሳል?› ሲሉ ሰማሁና መተርጎም አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ‹አይመልስም። ዝም ብለህ ክፈል› አሉ አባባ ደርሶ።

ስንመለስ ያንቺን ቦታ በእኔ ስም እንዲይዙት ጠየቅኋቸው። ‹ባል ሳታገቢ እድር?› ብለው ሳቁብኝ፤ ግን መዘገቡኝ። ከእንግዲህ እዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳን ከሚተክሉት አንዷ እኔ ነኝ። ከአገር ቤት እንግዳ የመጣ እንደሆነ ደግሞ፣ ሟርተኛ ቢሉኝም፣ ቢቱአኽ ግባ ልለው ሳይታመም በሩን አንኳኳለሁ።

አፈሩ ይቅለልሽ፣ እናቴ። እድርሽ አልተቋረጠም።

ጡትሽን የጠባሁት
ውብአየሁ