ለባላምባራስ ዳኘው፤ ስለታሰሩት ወጌሻችንና ቁጭ ብለን ስለምንሠራው ሥራ

ይድረስ ለተከበሩት ለባላምባራስ ዳኘው፣ ጣሊያን በጅጋና በዙሪያዋ ላይ ለሾመዎ ጌታችን። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በቅሎዎም ጭምር ደኅና ናት? እኛ ድንጋይ ተሸካሚዎችዎ ወገባችን ከመቆረጡ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ደብዳቤውን በእጅዎ ያልሰጠሁት በንቀት አይደለም። ዘበኛዎ ከደጅ እንደሚመልሰኝ ስለማውቅ ገበያው ዋርካ ላይ በእሾህ ሰካሁት፤ እርስዎ ሳይደርሱበት ቢቀሩ እንኳ አንብቦ የሚነግርዎ አይጠፋም። ስሜንም አልደብቅም፤ ሲሳይነሽ ነኝ። የኔታ «ሴት ልጅ ፊደል ከለየች ይበቃታል» ቢሉኝ ጊዜ ሰሌዳውን እግራቸው ሥር ጥዬ የወጣሁት ልጅ ነኝ። ዳዊት ሳልደግም ስለቀረሁ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሬ ግን ቀጥ ያለ ነው።

አንደኛ፤ የእህቴን የያይኔአበባን ነገር ላስረዳዎ። እሷም «ጻፊው፣ እስከዛሬ ያፈርሁት ይበቃኛል» ብላ ፈቅዳልኛለች። የመጀመሪያ ልጇን ቀንና ሌሊት ስታምጥ ሰንብታ ወለደች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅም፣ ስታስልም፣ እንስራ ብድግ ስታደርግም ሽንቷ ያመልጣታል፤ ከታችም አንድ ነገር ቁልቁል የወረደ ይመስላታል። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እናትየው «መቅደሱ ደጅ ላይ ቢያመልጠኝስ» ብላ ከቅጥሩ ውጭ ቀረች። ሕፃኗን ታቅፌ የገባሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቱ አንዱ ቡዳ፣ አንዱ ዛር፣ አንዱ ደግሞ የእናቷ እርግማን ነው ይላል። እናታችን ዶሮ እንኳ ረግመው አያውቁም።

እሜቴ ወለተ ኢየሱስ ብቻ ሳቁ። እሜቴ የወለቀ የሚመልሱ፣ የዞረ የሚያሹ ወጌሻችን ናቸው። እህቴን መርምረው «ጅማቱ ላልቷል እንጂ አልሞተም፤ ታሞ የተኛ ሰው ክንዱ በሥራ እንደሚጠና ይኸም ይጠናል» አሏት። ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ቁጭ ይባላል፤ ትንፋሽ እየለቀቁ፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከታች ጭብጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ። ሆድ አይነፋም፣ ቂጥም አይጨበጥም። «አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ» እስኪባል ይዞ፣ ከዚያ ጨርሶ መልቀቅና ማረፍ። ደግሞ እንደገና። ሲያስሉም እንስራ ሲያነሱም አስቀድሞ መጨበጥ ነው። «የተቀደደችውን ይህ አያድናትም፣ የላላችውን ግን ያድናል» ብለው እውነቱንም አልሸሸጉን። እህቴ ወር ሳይሞላት ሳቅ ጀመረች። ለካ ሳቋን ረስቼው ኖሯል።

ሁለተኛ፤ ለወሬ አቀባይዎ ለእንዳለው ምስጋናዬ ይድረሰው። የእሜቴን ነገር የሰሙ ሴቶች ሁሉ እየመጡ በየወሩ በማርያም ማኅበራችን ላይ ጠበል ጠዲቁን ቀምሰን አብረን እንሠራ ነበር። እርስዎም ሽፍታ የተሰበሰበ መስሎዎ እሱን ላኩት። ድካሙን ይቁጠሩለትና፣ ከግድግዳው ሥር ተለጥፎ በቀዳዳ ሲያይ ዋለ። ምን አየ? ምንም። ሴቶች ቁጭ ብለዋል፣ እጃቸው አይንቀሳቀስ፣ እግራቸው አይንቀሳቀስ፣ ግን ያልባቸዋል። ምን ሰማ? አቡነ ዘበሰማያትን ይጀምራሉ፣ ይትቀደስ ስምከ ላይ ያቋርጣሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው! ጸሎት ጀምሮ ማቋረጥ የደብተራ ድግምት እንጂ የክርስቲያን ሥራ አይደለም ብሎ መጥቶ ነገረዎ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ «በመንግሥትና በሚሠራው የመኪና መንገድ ላይ ድግምት ደግመዋል» ብለው እሜቴን ቡሬ ወስደው አሰሯቸው። ጌታዬ፣ እኛ መንገድ የሚያፈርስ ድግምት ብናውቅ ኖሮ ዛሬ ድንጋይ እንሸከም ነበር?

ሦስተኛው ይኸው ድንጋይ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ብለዋል፤ ትእዛዝዎ እንደ ማር ጣፍጦናል። ክንዱ የሚባለው የእህቴ ባል ለጨው ንግድ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ጨዉ ምነው ዓመት ፈጀ ብለው ባይጠይቁን ደግ ነው። ስለዚህ የምትወጣው ያይኔአበባ ናት። እሜቴ ወር ሙሉ ወደ ላይ የሳቡትን የእርስዎ ድንጋይ በአንድ ሳምንት ቁልቁል አወረደው። ሕፃኗን በጀርባዋ፣ ድንጋዩን በትከሻዋ ተሸክማ ቀሚሷ እየረጠበ ስትሄድ ዘበኞችዎ ይሳሳቃሉ። አንዱን በዱላ ልለው ስነሳ እሷው ያዘችኝ፤ እኔን የያዘችበትን ጉልበት ለራሷ ባዋለችው ኖሮ! መንገዱ ላይ መኪና ይሄዳል ይላሉ። ይሂድ። እኛ መኪና የለንም፣ ያለን ወገብ ነው፤ እሱንም አንጥፈንልዎታል።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። እሜቴ ወለተ ኢየሱስን ይፍቱልን፤ አራስና ከወሊድ ያላገገመች ሴትም ድንጋይ አትሸከም። በእህቴ ፈንታ እኔ እሸከማለሁ፤ ትከሻዬ ደኅና ነው፣ አፌም ቢሆን ከሥራ አያግደኝም። እሷ ግን ለመጪው ማርያም ልጇን አቅፋ በገዛ እግሯ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትፈልጋለች። ለአንድ ሹም ይህ ምኑ ይከብዳል?

መንገድዎ እንዲረዝም፣ ወሬ አቀባዮችዎ ዓይናቸው እንዲበራ፣ ወገብዎንም የእኛ ዓይነት ሕመም እንዳያገኘው ዘወትር የምትጸልይ፣ ጸሎቷንም ሳታቋርጥ እስከ አሜን የምታደርስ፣
ትሑት ተሸካሚዎ ሲሳይነሽ፣ ከጅጋ በላይ ካለው መንደር።

እሾሁን ልሰካ ስል ትዝ ያለኝ፤ ባለፈው ገበያ ቀን ሥራ አስቁመው ሕዝቡን ሰብስበው ስለ ድግምት ክፋት ሲያስተምሩን፣ ከፊት ቁጭ ያልነውን ሴቶች አይተው ለወንዶቹ «እንደ እነዚህ ጸጥ ብላችሁ ስሙ!» ብለው ነበር። ስላመሰገኑን እግዜር ይስጥልን። እየሠራን ነበር። በልባችን ይትቀደስ ስምከ እያልን፣ እርስዎ ከጀመሩ እስኪጨርሱ። ንግግርዎ እሜቴ እንኳ አሠርተውን የማያውቁትን ያህል ረጅም ነበር፤ ያይኔአበባም ያን ቀን ድንጋይ ስላልተሸከመች፣ መንገድ ላይ እርስዎን እያነሳች በሳቅ እየፈረሰች፣ ቤቷ ድረስ ደረቅ ሆና ገባች።