ለፌንጣዎቹ የገዛሁት ጎመን

ሰኞ
ሁለት ሳጥን ሙሉ ፌንጣ አስታቅፋኝ ሄደች። ሰላም የምትባለው ልጄ ናት። ለመመረቂያዋ የምታጠናው ይህንን ነው፤ ፌንጣ የበላ ጫጩት ያድጋል ወይስ አያድግም። ጫጩቶቹ ቢሾፍቱ ናቸው፤ እስከ ዓርብ እዚያው ናት። «እነዚህ ካለቁ ምረቃዬ ለዓመት ተገፋ ማለት ነው» አለች። ማድረግ ያለብኝን ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። «ላንብብልህ አባዬ?» ስትለኝ ሳቅሁባት። የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ እኮ! ከወሰን ሰፈር እስከ መገናኛ ያለውን ታፔላ ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ አዲስ ካልሰቀሉ ሥራ ፈት ነኝ። ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦
ቤቱ አይቀዝቅዝ።
ውሃ በጥጥ። በሳህን ከሆነ ይሰምጣሉ።
ምግብ፦ የዶሮ መኖና ካሮት ብቻ።
«ብቻ» የሚለውን ሁለቴ አስምራበታለች።

ማክሰኞ
ፌንጣዎቹ ሲዘፍኑ አደሩ። አከራዬ እትዬ አስካለ በጠዋት በሩ ላይ ቆሙ። «አቶ ታደሰ፣ ያከራየሁዎት ቤት ነው፣ ጫካ አይደለም!»
«እንጦጦ መውጣት ቀረልዎት እትዬ፤ ጫካው ራሱ መጣልዎት» አልኳቸው። አልሳቁም። እኔ እስከ ምሳ ሳቅሁ።
ጥጥ አረጠብኩ። ሳጥኖቹን ዙሪያቸውን ጋቢዬን አለበስኳቸው፤ እኔ በረደኝ። የሞተ፦ አንድ። እሱም ሽማግሌ ነበር።

ረቡዕ
ካሮት ብቻ! እኔ ቤት የገባ እንግዳ እንዲህ ተስተናግዶ አያውቅም። ሰላም ተማሪ ስለሆነች እጇ አጥሯት ነው። ከጉሊት ጎመን ገዛሁ። የሚያብረቀርቅ፤ ትል አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልበሳበትም። «ለስንት ሰው ነው ጋሼ?» አለች ሻጯ። «ለሁለት ሳጥን» አልኳት። ከትፌ ሰጠኋቸው፤ ተሻሙበት። የካ ክፍለ ከተማን ብታስሱ እንደኔ ያለ ፌንጣ አርቢ አታገኙም።

ሐሙስ
ዝም አሉ። በጀርባቸው ወድቀው እግራቸውን ያወራጫሉ። ጎመኑን ለቅሜ አወጣሁ። ምን ዋጋ አለው። ከሰዓት በኋላ የሚንቀሳቀስ የለም።
እትዬ አስካለ «ተመስገን፣ ጆሮዬ አረፈ» አሉ።
ጉሊት ተመለስኩ። «ትል እንዳይበላው መድኃኒት ይረጩበታል እኮ ጋሼ። አላጠቡትም እንዴ?» አለች ሻጯ።
ትልን የገደለ ፌንጣን ይምራል?
ነገ ሰላም ስትመጣ ብርድ ነው የጨረሳቸው ልበላት?

ዓርብ
ሰላም ቦርሳዋን ሳታወርድ ሳጥኖቹን ከፈተቻቸው። አጎነበሰች። ከጥጉ አንዲት የጎመን ቁራጭ አነሳች። «አባዬ፣ ወረቀቱን አላነበብከውም?»
አንብቤዋለሁ። በቃሌም ይዤዋለሁ። አንብቤ ናቅሁት ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ። «ፊደሉ ተምታታብኝ» አልኳት።
አቀፈችኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በቃል መንገር ነበረብኝ» ብላ አለቀሰች። እኔም ታቀፍኩ። ከሌባ በምን እሻላለሁ?
ፌንጣዎቹ እንቁላል የጣሉበት እርጥብ አፈር ሳጥኑ ውስጥ በአንድ ሳህን ቀርቷል። ይፈለፈል እንደሆነ፣ ቢፈለፈልም ለጥናቷ ይደርስ እንደሆነ እሷም አታውቅም። እንደገና ለኔ ትታው ልትሄድ ነው፤ ጫጩቶቹ ይጠብቋታል።
ወረቀቷን ከግድግዳው ነቅላ ሌላ ለጠፈች። ፊደል የሚባል የለበትም። ካሮት ሥላለች። ጎመን ሥላ በቀይ ሰርዛበታለች።
«አሁንስ ገባህ አባዬ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚባለው።
«ገባኝ» አልኩ።