ባሕር ላይ የተለቀቀው አምባዛ

ወዳጄ ቤም፣

እህቴ ኖይና ከመሞቷ በፊት በዚህ ፖስታ ካርድ ላይ የምታየውን የባሕር ዓሣ ማሳያ፣ አኳሪየሙን፣ «አሳዩኝ» እያለች ስትለምን ታስታውሳለህ። ያለ እሷ አየነው። እናቴ ገበያ ላይ ከቢላ አፍ ያተረፈችውን አምባዛ ውሃ በሞላው ፌስታል ይዛ ገባች፤ ባሕር ላይ ለቃው ጽድቁ ለእህቴ እንዲደርስላት ነው። ትልቁ መስታወት ፊት ፌስታሉን ከፍ አድርጋ፣ «ኖይናዬ፣ ሻርኩን አየሽው?» ስትል፣ ከኋላችን አንድ ሕፃን «አባዬ፣ ሴትዮዋ ምሳዋን ታስጎበኛለች!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። እናቴም ሳቀች። የእህቴ አስከሬን ከተቃጠለ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ስንወጣ አባቴን «የወንዝ ዓሣ እኮ ነው፣ ጨው ይገድለዋል» አልኩት።

«አውቃለሁ። አፍህን ዝጋ፤ ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ይውሰዳት።»

እናቴ እስከ ጉልበቷ ገብታ ለቀቀችው። እጆቿን ገጥማ ብዙ ጸለየችና ከአባቴ ጋር ወደ መኪናው ሄደች። የእኛ ወንዝ የሰጡትን ይዞ ይሄዳል፤ ባሕር ግን ይመልሳል። ማዕበሉ አምባዛውን ሆዱን ገልብጦ እግሬ ሥር ጣለው። በዚያው ቅጽበት እናቴ ዞር አለች። ረገጥኩት። መንፈራገጡን እስኪያቆም ድረስ እጄን አወዛወዝኩላት። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን፤ ጽድቁን ብቻ ከኖይና ማንም አይውሰድባት።

ካርዱ ሞላ። አያትህንና የክፍላችንን ልጆች ሰላም በልልኝ። ስንመለስ እናቴ ዓሣው እንዴት እየዋኘ እንደሄደ ታጫውትሃለች። ደስ ብሎህ ስማት።

ታን