የሄር ቪድመር ሱሪና የእኛ ላውንድሪ

እሑድ

ሶስና በሳቅ ብዛት ሶፋው ላይ ስትንከባለል፣ እኔ ትራስ አቅፌ መዳፌ በላብ ረጥቦ ነበር። የእንግሊዞች አስቂኝ ፊልም ነው። አባትና ልጆቹ ሊዘጋ የደረሰ የአዝራር ፋብሪካቸውን ለማዳን ይራወጣሉ። አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይበላሻል። አያቲቱ ማሽኑ ፊት ወንበሯን ዘርግታ «አላስነካም» ትላለች። መጨረሻ ላይ የከተማው ሰው በሙሉ በዝናብ ወጥቶ ያድናቸዋል።

«ማሚ፣ ሉስቲግ ነው እኮ! ለምን አትስቂም?» አለችኝ።

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ምን ልበላት? የፊልሙ ሰዎች እንደሚድኑ ገና ከመጀመሪያው ያስታውቃል። የእኛ አያስታውቅም።

ደንበኛችን የሆነው ሆቴል ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ አንሶላና ፎጣውን እንዲያጥብለት ለትልቅ ድርጅት እንደሚሰጥ የነገረን ዓርብ ነው። እዚህ ግላትብሩግ ከተማ ያለችው ትንሿ ላውንድሪያችን የምትተነፍሰው በዚያ ሆቴል ነው። ከእኔና ከባሌ ከታምራት በቀር የሚያውቅ የለም። እሱም ፊልሙን ከኋላችን ቆሞ ሲያይ ቆየና ሳያልቅ ወጣ።

ሰኞ

የሚያስፈሩኝ ነገሮች፦

ላውንድሪው መዘጋቱ።
ከተዘጋ ሶዚያል ቢሮ ገብተን የመንግሥት እርዳታ መጠየቃችን።
እርዳታ ከወሰድን የመኖሪያ ፈቃዳችን ሲታደስ የሚመጣው ጥያቄ።
የታምራት ዝምታ።

የመጨረሻው ይብሳል። ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር የምትኖረው እህቱ ስትደውል አጠገቡ ነበርኩ። «ሥራ እንዴት ነው?» አለችው። «በሽ ነው፣ ተመስገን! መተንፈሻም የለን» ብሎ ሳቀ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። ሌላ ሰው መሰለኝ፤ እሱንም ፈራሁት።

ማክሰኞ

ሙሉ ልብሱን ለብሶ ኦፕፊኮን ያሉትን ሆቴሎች በር ለበር ዞረ። ሲመለስ ክራቫቱን ፈታና ኪሱ ከተተው። «ኢሜይል ላኩ ይላሉ» አለ።

«ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንንገር፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይኖራል» አልኩት።

«ሂሩት፣ ገበናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው?»

«ተርበናል በል አላልኩህም። ሥራ እንፈልጋለን ነው ያልኩት።»

«ያው ነው!»

መተኮሻው ላይ ጎንበስ አለ። ክርክሩ አለቀ። ትንሽ ድል፦ የሚያፈስሰውን የማጠቢያ ቱቦ ራሴ አጠበቅኩት።

ረቡዕ

አደረግኩት።

የረቡዕ ጸሎታችን ላይ የምንሰበሰበው ጥቂት ሰዎች ነን። ታምራት ደክሞኛል ብሎ ቀረ። ፓስተሩ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል ተነሳሁ። «ላውንድሪያችን ሊዘጋ ነው። ሥራ እንፈልጋለን» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ተቀምጬ ወለሉን ሳይ ሁሉም የሚያዩኝ መሰለኝ።

ጸሎቱ ሲያልቅ እህት የሺ እጄን ያዘችኝ። እዚሁ ሰፈራችን ያለ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው።

«የኛ ቤት የሽማግሌዎቹን ልብስ የሚያጥብ ትንሽ ላውንድሪ ከፈለገ ቆየ እኮ። ትልቁ ማጠቢያ ቦታ ሲላክ የአንዱ ከሌላው እየተቀየረ አስቸገረን።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ?»

«እናንተማ ሥራ በዝቶባችኋል ሲባል ነው የምሰማው! ማን ይደፍራል?»

ቤት ስገባ ለታምራት ነገርኩት። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጀርባውን ሰጠኝ።

ሐሙስ

እህት የሺ ቃሏን ጠበቀች። የአረጋውያን ቤቱ ኃላፊ ለሙከራ የጥቂት ሰዎች ልብስ ላከችልን። እያንዳንዱ ልብስ ላይ የባለቤቱ ስም ተሰፍቷል።

ፈራሁ። የሆቴል ልብስ ነጭ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ትቀቅለዋለህ ያልቃል። ይሄ ግን የሰው ነው። ክርኑ የተጣፈ ሹራብ አለ። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ የቀረበት ቀሚስ አለ። የሱፉን ሹራብ በቀዝቃዛ ውኃ በእጄ አጠብኩና ፎጣ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። በየመሀሉ እየሄድኩ እዳስሰዋለሁ።

ታምራት አንድ ቃል ሳይወጣው ከጎኔ ሆኖ ሠራ። እኔም አኩርፌ ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ የሚናገሩት ማሽኖቹ ብቻ ነበሩ።

ዓርብ

እንዴት ብዬ ልጻፈው!

ጠዋት ልብሱን አድርሰን ተመለስን። ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሽማግሌ ባለጎማ መራመጃቸውን እየገፉ ገቡ። ሱሪያቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀርቷል። ካልሲያቸው በሙሉ ይታያል።

«ቪድመር እባላለሁ» አሉ። «ወይ እኔ ረዝሜያለሁ፣ ወይ ሱሪዬ አጥሯል። በእኔ ዕድሜ ደግሞ ሰው አይረዝምም።»

የሌላ ሰው ሱሪ ደርሷቸው በሆነ ብዬ እየተመኘሁ ወገቡ ላይ ያለውን ስም አየሁ። ቪድመር ይላል። የራሳቸው ነው። ሱፍ ነው፣ ማድረቂያ ገብቶ ተኮማትሯል። እኔ አላስገባሁትም። ቀና ስል ታምራት ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለ በአማርኛ። «ሱፍ መሆኑን አላየሁም። ልጠይቅሽ ነበር... አኩርፌ...»

«ተወው» አልኩት። እኔስ መች አናገርኩት?

ከዚያ ለሽማግሌው ለሄር (ለአቶ) ቪድመር በጀርመንኛ ደገመላቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ተንበርክኮ የሱሪውን ጠርዝ ገልበጥ አደረገው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ አለው። «እለቀዋለሁ፣ ይደርሳል» አለ። ግን ሱሪው መውለቅ አለበት። ጓዳ አስገባቸውና የሆቴሉን ነጭ ጋዋን አለበሳቸው። ወጥተው ማድረቂያው አጠገብ ተቀመጡ። ሙቀቱን ወደዱት። ሻይ ሰጠናቸው። ታምራት ስፌቱን እየፈታ፣ እሳቸው በወጣትነታቸው ስለነዱት የጭነት መኪና እያወሩ፣ ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። ታምራት ሲስቅ!

ይሄኔ ነው ኃላፊዋ እያለከለከች የገባችው። ለካ ለማንም ሳይናገሩ ነው የወጡት። ሕንፃውን በሙሉ ሲፈልጓቸው ቆይተዋል፤ ፖሊስ ልትጠራ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሄር ቪድመርን አየች። በነጭ ጋዋን፣ ባዶ ባታቸውን ዘርግተው፣ ሻይ ይዘው።

«እዚህ መሆናቸውን ለምን ደውላችሁ አልነገራችሁኝም?» አለች።

እውነቷን ነው። መደወል እንዳለብን አላሰብንም። ሰው ጠፍቶባት እኛ ሻይ እናጠጣለን።

«ሱሪያቸውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ ታምራት። ማንም ሳይጠይቀው! ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩበትም።

ሄር ቪድመር ብቻ አልተደናገጡም። «አልጨረሰልኝም፣ እንዴት ልሂድ? ያለ ሱሪ ልውጣ?» አሏት።

ሱሪው አልቆ፣ ተተኩሶ፣ አልብሰን ላክናቸው። ኃላፊዋ «ነገ እደውላለሁ» ብቻ ብላ እጃቸውን ይዛ ወጣች። ፊቷ ምንም አይናገርም ነበር።

አለቀልን ብዬ አሰብኩ። ታምራት ግን ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ተቀመጠ። «እኔ እኮ የፈራሁት ልጄ በእኔ እንዳታፍር ነው» አለኝ። ሌላ ብዙም ተናገረ። ያንን እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ

ስልኩ እስኪጮኽ ቤቱን ሦስቴ ጠረግኩ። ሶስና «ማሚ፣ ወለሉ ንፁህ ነው እኮ» አለችኝ። እሷም አሁን ሁሉን ታውቃለች። ጠዋት አባቷ ራሱ ነገራት። «ታውቄ ነበር» ነው ያለችው። አማርኛዋ እንደዚያ ነው።

ኃላፊዋ ስትደውል ታምራት ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። መጀመሪያ ወቀሳው ነው የመጣው። ከእነሱ ቤት ማንም ብቻውን ከመጣ ወዲያው መደወል። ሱፍ ማድረቂያ እንዳይገባ። እሺ፣ እሺ አልኩ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ትልቁ ቦታ ልብስ ሲያበላሽ ማንም አይነግረኝም። ሰዎቹ ሲያለቅሱ ነው የማውቀው። የአንድ ፎቅ ልብስ ሰኞ ልላክላችሁ። ለሦስት ወር እንሞክር።»

ስልኩን ዘግቼ ለታምራት ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሶስና መጥታ ላዩ ላይ ወደቀችበት።

የአንድ ፎቅ ልብስ የሆቴሉን አያህልም። ለኪራይ ይበቃል? አላውቅም። ሦስት ወር ሲያልቅስ? እሱንም አላውቅም። ታምራት እህቱ ጋ ደውሎ እውነቱን እየነገራት ነው፤ ድምፁ ከጓዳ ይሰማኛል፤ ሲሰበርም ሲስቅም። ሲጨርስ ትንሽ እንበላለን። ዛሬ በጊዜ ልተኛ።